አንድሬያስ ቬሳሊዩስ፤ የሰው አጥንት መርማሪ

ጐጆ የሚሠራ ሰው ማገሩንና ምሰሶውን ሳያቆም ጭቃ አይመርግም፤ ሣርም አይከድንም። የሰውም ገላ እንደዚሁ ነው። ሥጋው፣ ጅማቱና ቆዳው ተደግፎ የሚቆመው በአጥንት ላይ ነው፤ አጥንት ባይኖር ኖሮ ሰው የተባለው ፍጥረት እንደ ባዶ ስልቻ መሬት ላይ ተዘርግቶ በቀረ ነበር። ይህን የመሰለውን ንጽጽር አሳምሮ የገለጸው ከአራት መቶ ሰማንያ ዓመት በፊት የነበረ አንድ ወጣት ሐኪም ነው። እርሱም አጥንትን ከቤት ግድግዳና አግዳሚ እንጨት፣ ከድንኳን ምሰሶ፣ ከመርከብም የጎን እንጨቶች ጋር አስተያይቶ በታላቁ መጽሐፉ መጀመሪያ ላይ ጽፏል። ስሙም አንድሬያስ ቬሳሊዩስ ይባላል። በሳይንስ ትምህርት ስለ ሰው አጽም ስንማር የብዙዎቻችን ጥያቄ ይህን ሁሉ አጥንት ለይቶ ያወቀው ማን ነው የሚል ስለ ነበር፣ የዚህን ሰው ታሪክ ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለማቅረብ አሰብሁ። የዘመኑ ቍጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቬሳሊዩስ የተወለደው በ1514 ዓ.ም. ዲሴምበር 31 ቀን፣ ዛሬ የቤልጅግ ዋና ከተማ በሆነችው በብራስልስ ነው። ቤተሰቡ ከአባት እስከ ቅድመ አያት በሕክምና ሥራ የታወቀ ነበር፤ አባቱ የንጉሠ ነገሥት ካርሎስ 5ኛ መድኃኒት ቀማሚ፣ አያቱም የንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያን ሐኪም ነበሩ። ስለዚህ ልጁ ያደገው በመጻሕፍትና በመድኃኒት ዕቃ መካከል ነው። በሉቨን ዩኒቨርሲቲ ከተማረ በኋላም በ1533 ዓ.ም. ሕክምና ለማጥናት ወደ ፓሪስ ሄደ።

በዚያን ዘመን ሕክምና መማር ማለት የጋሌኖስን መጻሕፍት ማወቅ ማለት ነበር። ጋሌኖስ በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረ፣ የጴርጋሞን ተወላጅ የሆነ ግሪካዊ ሐኪም ሲሆን፣ በሮማ ቄሣሮች ዘንድ እጅግ የተከበረ ነበር። ሊቅነቱን የሚክድ የለም። ነገር ግን በሮማ የሰውን አስከሬን ከፍቶ መመርመር ያልተፈቀደ ስለ ነበር፣ ይመረምር የነበረው ዝንጀሮን፣ አሳማንና ሌሎችንም እንስሳት ነው። የሰውን አጽም በዓይናቸው ለማየት የሚሹ ተማሪዎችንም ወደ እስክንድርያ እንዲወርዱ ይመክራቸው ነበር፤ በዚያ መምህራኑ አጽሙን ራሱን እያሳዩ ያስተምሩ ነበርና። እንግዲህ ይህ ሰው ሌሎች ሄደው እንዲያዩ እየመከረ ሳለ፣ ከእርሱ በኋላ የተነሡት ግን 1300 ዓመት ያህል ማየቱን ትተው እርሱን ማንበብ ብቻ ያዙ። ከታሪኩ ሁሉ እኔን ይልቁን የሚገርመኝ ይህ ነው።

የፓሪስም ትምህርት ከዚህ የተለየ አልነበረም። መምህሩ ከፍ ባለ ወንበር ተቀምጦ መጽሐፉን በላቲን ያነባል፤ ከታች ደግሞ አንድ ፀጉር አስተካካይ አስከሬኑን በቢላዋ ይከፍታል። የሚያነበው ሰው እጁን አያቆሽሽም፤ የሚቈርጠውም ሰው ላቲኑን አይሰማም። መጽሐፉ የሚለውና በገበታው ላይ የሚታየው ቢለያዩ እንኳ ልብ የሚል አልነበረም። ከቬሳሊዩስ መምህራን አንዱ ያዕቆብ ሲልቪዩስ የተባለ ስመ ጥሩ ሊቅ ነበር፤ እርሱም ለጋሌኖስ የነበረው ፍቅር ወደር አልነበረውም። ይህን ስም አንባቢ ያስታውስልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ወጣቱ ቬሳሊዩስ በክፍል ያላገኘውን ከክፍል ውጪ ፈለገ። በፓሪስ ከተማ በቅዱሳን ሕፃናት ስም የተሠየመ አንድ አሮጌ መካነ መቃብር ነበር፤ በዚያም ከመቃብር የወጣ አጥንት ተከምሮ ይኖር ነበር። እርሱና ጓደኞቹ በዚያ ክምር አጠገብ ብዙ ሰዓት እየተቀመጡ አጥንቱን አንድ በአንድ ያገላብጡ ነበር። በመጨረሻም ዓይናቸውን በጨርቅ ሸፍነው ይወራረዱ ጀመር፤ አንዱ ያነሣውን አጥንት ሌላው በመዳሰስ ብቻ ስሙን ይጠራል። በመዳሰስ የማይለዩት አጥንት እስኪጠፋ ድረስም ተለማመዱ። የእኛ አገር ወጌሻ የወለቀውንና የተሰበረውን በጣቱ ዳስሶ ሲያውቅ ያየ ሰው ይህ ነገር ተረት እንዳልሆነ ይረዳል። ከከተማው ውጪ ሞንፎኮን በሚባለው የመስቀያ ስፍራ ግን ነገሩ እንደዚህ ጨዋታ አልነበረም። ወንጀለኞች ተሰቅለው በሚቀሩበት በዚያ ቦታ አጥንት ሲፈልግ የዱር ውሾች ከበውት በጭንቅ ተርፏል።

በ1536 ዓ.ም. በፈረንሳይና በንጉሠ ነገሥቱ መካከል ጦርነት ስለ ተነሣ ቬሳሊዩስ ወደ ሉቨን ተመለሰ። አንድ ቀን ጌማ ፍሪሲዩስ ከተባለ የሒሳብ ሊቅ ወዳጁ ጋር ከከተማው ቅጥር ውጪ ሲመላለስ፣ በሞት የተቀጣ የአንድ ወንጀለኛ አስከሬን በእንጨት ላይ በሰንሰለት ታስሮ አየ። ሥጋውን አሞሮች በልተውት አጥንቱ በጅማት ብቻ ተያይዞ ቀርቷል። እንደዚህ ያለ ሙሉ አጽም አይቶ አያውቅም ነበርና በእንጨቱ ላይ ወጣ፤ እጅና እግሩን እየነቀለ በየጊዜው በስውር ወደ ቤቱ አገባ። ደረቱና ራስ ቅሉ ግን በሰንሰለቱ ተይዞ ስለ ቀረ፣ አንድ ማታ ሆን ብሎ የከተማው በር ሲዘጋ ከውጪ ቀረ፤ በጨለማም ብቻውን ወጥቶ የቀረውን አወረደ። ከዚያም አጥንቱን አጥቦና ቀቅሎ፣ በሽቦ አያይዞ አቆመው። ለጠየቁትም ሰዎች ከፓሪስ ያመጣሁት ነው እያለ አታለላቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ የሚሰማኝን ልናገር። ለሞተ ሰው ፍትሐት በሚደረግበት፣ አጽምም በክብር በሚያርፍበት አገር ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ ልቡ ደስ አይለውም። ያ የተሰቀለ ሰው ወንጀለኛ ቢሆንም እናት ነበረችው፤ ፈቃዱንም የጠየቀው የለም። ዛሬ በብዙ አገር የሕክምና ትምህርት ቤት የሚማርባቸው አስከሬኖች ሰዎቹ በሕይወት ሳሉ ፈቅደው የሰጧቸው ናቸው፤ ይህም እጅግ የተሻለ ነው። ሆኖም ስብራት የተጠገነለት ሰው ሁሉ ከዚያች ሌሊት በተገኘው ዕውቀት ተጠቅሟል ብል አልተሳሳትሁም። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ መያዝ ያስቸግራል፤ እኔ ግን አንዱን ለመሸፈን ስል ሌላውን መተው አልፈለግሁም።

ከዚህ በኋላ ቬሳሊዩስ ወደ ኢጣሊያ ተሻገረ። በ1537 ዓ.ም. ዲሴምበር 5 ቀን በፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ፤ በማግሥቱም የቀዶ ሕክምናና የአናቶሚ መምህር ሆኖ ተሾመ። ገና 23 ዓመት አልሞላውም ነበር። እርሱ ግን እንደ ቀድሞዎቹ መምህራን ከፍ ባለው ወንበር አልተቀመጠም። ፀጉር አስተካካዩን አሰናብቶ ቢላዋውን በራሱ እጅ ያዘ፤ ተማሪዎቹንም በዙሪያው አቁሞ እያሳየ ያስተምር ጀመር። በአጠገቡም ሁልጊዜ አንድ ሙሉ አጽም ይቆም ነበር፤ ሥጋው የቱ አጥንት ላይ እንደሚያያዝ ለማሳየት ያንን ይጠቀም ነበር። በ1538 ዓ.ም. ስድስት ታላላቅ የሥዕል ገጾች አሳተመ፤ ከስድስቱም ሦስቱ የሰው አጽም ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ ሲታይ የሚያሳዩ ናቸው። የሣላቸውም ያን ቫን ካልካር የተባለ ሠዓሊ ነው።

ጋሌኖስ ሊሳሳት እንደሚችል የታየው በ1540 ዓ.ም. በቦሎኛ ከተማ ነው። ቬሳሊዩስ በዚያ ተጋብዞ ሲያስተምር የሰውንና የዝንጀሮን አጽም ጎን ለጎን አስተያየ። ጋሌኖስ በወገብ አከርካሪ ላይ አለች ብሎ የጻፋት አንዲት ትንሽ ጉጥ በዝንጀሮው ላይ ተገኘች፤ በሰውየው ላይ ግን አልነበረችም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ትርጉሙ ግን ሐኪሞች ለ1300 ዓመት የሰው ገላ ነው ብለው ሲማሩት የነበረው በብዙ ቦታ የዝንጀሮ ገላ ኖሯል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲያ ስሕተቱ አንዱ ሌላውን እየሳበ ወጣ። አንባቢ እዚሁ እንደ ተቀመጠ እጁን በአገጩ ላይ ያሳርፍና ወደ ሁለቱ ጆሮዎቹ ይዳስስ። ጋሌኖስ የታችኛው መንጋጋ ሁለት አጥንት ነው ብሎ ነበር፤ ቬሳሊዩስ ግን ብዙ መንጋጋ መርምሮ አንድ አጥንት መሆኑን አስረዳ። የፍርምባ አጥንት ሰባት ክፍል ነው የተባለውም ሦስት ሆነ። ከጭን አጥንት ቀጥሎ ረጅሙ የላይኛው የክንድ አጥንት ነው የሚባለውም ሐሰት ሆኖ ተገኘ፤ በሰው የቅልጥም አጥንት ከክንዱ ይረዝማልና። ብዙ ሰው ደግሞ ሔዋን ከአዳም ጎን ስለ ተፈጠረች ወንድ ከሴት አንድ ጎድን ይጎድለዋል ብሎ ያምን ነበር፤ ቬሳሊዩስ ቈጥሮ በወንድም በሴትም 12 ጥንድ መሆኑን አሳየ። ይህ የመጨረሻው ቄሶችን አስቈጥቶ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ከቄሶቹ ይልቅ የተቈጡት ሐኪሞቹ ናቸው።

ይህን ሁሉ ይዞ በ28 ዓመቱ ታላቁን መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ስም በአማርኛ ስለ ሰው ገላ አሠራር ማለት ነው። ሥዕሎቹ በእንጨት ላይ ተቀርጸው በበቅሎ የአልፕስን ተራራ ተሻግረው ከኢጣሊያ ወደ ስዊስ ከተማ ወደ ባዝል ተወሰዱ፤ በዚያም ዮሐንስ ኦፖሪኑስ የተባለ አታሚ በ1543 ዓ.ም. አተማቸው። በዚያው ዓመት የኮፐርኒከስ መጽሐፍ ታትሞ ምድር በፀሐይ ዙሪያ እንደምትዞር ለዓለም ተነገረ። በአገራችንም ዐፄ ገላውዴዎስ በወይና ደጋ ጦርነት ድል ያደረጉት በዚሁ ዓመት ነው። የቬሳሊዩስ መጽሐፍ ከ600 ገጽ በላይ ሲሆን በሰባት ክፍል የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ስለ አጥንት ነው፤ ሁለተኛውም ስለ ጡንቻ ነው። አጽሞቹ በሥዕሉ ላይ እንደ ሬሳ አልተጋደሙም፤ አንዱ አካፋ ተደግፎ ወደ ሰማይ ያያል፤ ሌላው በመቃብር ድንጋይ ላይ ክንዱን አሳርፎ አንድ ራስ ቅል እየተመለከተ ያስባል። ለተማሪዎች ብሎም ያንኑ የሚያሳጥር ትንሽ መጽሐፍ በዚያው ዓመት አወጣ።

ቬሳሊዩስ አጥንትን በአጥንትነቱ ብቻ አልተመለከተም፤ ስለ ምን ሥራ እንደዚህ ሆኖ እንደ ተሠራ ይጠይቅ ነበር። የራስ ቅል አንጐልን እንደ ቍር ይጠብቃል፤ ጎድኖች ልብንና ሳንባን ከብበው እንደ ቅርጫት ይይዛሉ፤ ቅርጫቱ ግን ስንተነፍስ ከፍና ዝቅ እንዲል በለስላሳ አጥንት ከፍርምባ ጋር ተያይዟል። ዳሌ ላይ የጭኑ ራስ ክብ ሆኖ በክብ ጕድጓድ ስለ ገባ እግር ወደ ፊትም፣ ወደ ኋላም፣ ወደ ጎንም ይዞራል። ጉልበት ግን እንደ በር ማጠፊያ ነው፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ ይታጠፋል። የጉልበት ሎሚ የምንላትም ትንሽ አጥንት ሥራ ፈት አይደለችም፤ የጭን ጡንቻ ገመድ በላይዋ ስለሚያልፍ ጉልበትን ለመዘርጋት ኃይል ትጨምርለታለች። አጥንቶች በሚገናኙበት ጫፍ ሁሉ ልሙጥ የሆነ ለስላሳ አጥንት ተለብዷል፤ በመካከላቸውም ቅባት የመሰለ ፈሳሽ አለ።

ረጃጅሞቹ አጥንቶች ክፍት የሆኑበትም ምክንያት አለ። ሸምበቆና ቀርከሃ ውስጣቸው ባዶ ሆኖ ሳለ እንደሚጠነክሩ፣ የጭን አጥንትም ክፍት በመሆኑ ክብደቱ ይቀንሳል እንጂ ብርታቱ ብዙ አይጎድልም። በውስጡ ያለውን መቅን ከሥጋ ቤት ቅልጥም ሰብሮ የበላ ሁሉ ያውቀዋል። የደም ሕዋሳት የሚሠሩት በመቅን ውስጥ መሆኑ ግን የታወቀው ከቬሳሊዩስ ዘመን ብዙ ቆይቶ ነው። እንዲሁም አጥንት ደረቅ እንጨት አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ በሥራ ብዛት ይወፍራል፤ ሥራ ሲያጣ ይሳሳል። ወደ ጠፈር የሚወጡ ሰዎች ክብደት በማይሰማበት ቦታ ብዙ ወር ሲቀመጡ አጥንታቸው ይመነምናል፤ ስለዚህ በዚያ ሳሉ በየቀኑ እንዲንቀሳቀሱ ይገደዳሉ። ካልሲየም የሚገኝበት ምግብ፣ ከፀሐይም ብርሃን የሚገኘው ቪታሚን ዲ ለልጆች አጥንት የሚያስፈልጉትም ስለዚህ ነው። የአንድ ዐዋቂ ሰው አጥንት 206 ሲሆን፣ ከእነዚህ 106 የሚሆኑት በሁለቱ እጆችና በሁለቱ እግሮች መዳፍ ብቻ ይገኛሉ። አንድ እግር 26 አጥንት አለው፤ እነዚህም እንደ ድልድይ ቀስት ሆነው ተጋጥመው ክብደትን ይሸከማሉ። አበበ ቢቂላ በ1960 ዓ.ም. ጋሌኖስ በኖረባት በሮማ ከተማ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ይህ ቀስት በየእርምጃው ሲጎብጥና ሲቃና ነበር።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። መጽሐፉ በወጣ ጊዜ ብዙ ወጣቶች ደስ አላቸው፤ ሽማግሌዎቹ ግን ተቈጡ። ከሁሉ ይልቅ የተቈጣው የፓሪሱ መምህር ሲልቪዩስ ነበር። የቀድሞ ተማሪው ጋሌኖስን ማረሙን እንደ ክሕደት ቈጠረው። በ1551 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍም ስሙን አጣምሞ እብድ የሚል ትርጉም እንዲኖረው አደረገ። የሰው የጭን አጥንት ጋሌኖስ እንዳለው ጎባጣ ሳይሆን ቀጥ ያለ ሆኖ ቢገኝ፣ ሲልቪዩስ በዘመኑ ሰዎች ይለብሱት የነበረው ጠባብ ሱሪ አጥንቱን አቃንቶት ነው ብሎ ተከራከረ ይባላል። እኔ በዚህ ሥቄ ነበር፤ በኋላ ግን አዘንሁ። ሲልቪዩስ ሰነፍ ሰው አልነበረም፤ ብዙ ጡንቻዎችን ለይቶ ስም የሰጠ መምህር ነው። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ነገር በአንድ ወጣት እጅ ሲፈርስ ማየት ለማንም ከባድ ነው። ቬሳሊዩስም በአነጋገሩ ገር አልነበረም፤ መምህራኑን በመጽሐፉ ሲነቅፍ ቃሉን አያለዝብም ነበር። ተማሪ እውነቱን ሲያገኝ መናገር አለበት፤ ግን አነጋገሩ እንደ ልጅ ለአባት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ጠቡ ይህን ያህል ባልከረረ ነበር።

ነቀፋው ቬሳሊዩስን አስመረረው። ከኢጣሊያ ወጥቶ ወደ ካርሎስ 5ኛ ቤተ መንግሥት ሲገባ በእጁ የነበሩትን ብዙ የጥናት ጽሑፎች በእሳት አቃጠለ፤ በኋላም በዚህ ተጸጽቷል። በ1544 ዓ.ም. ሚስት አገባ፤ አንዲት ሴት ልጅም ወለደ። ንጉሠ ነገሥቱ በብርቱ ሪህ የሚሠቃዩ ሰው ስለ ነበሩ፣ ስለ መገጣጠሚያ ከማንም ይልቅ የሚያውቀው ሐኪም የሚያብጠውን የጌታውን እግር ሲያክም ብዙ ዓመት አሳለፈ። መድኃኒት ግን አላገኘለትም። በ1555 ዓ.ም. ታላቁን መጽሐፍ አርሞ ሁለተኛ ጊዜ አሳተመው። የራሱም ስሕተት አልጠፋም ነበርና፣ ለምሳሌ በሰው ኩላሊት ፈንታ የውሻ ኩላሊት አስሎ ነበር። እርሱ በጋሌኖስ ላይ እንዳደረገው ሌሎች ደግሞ እርሱን ማረማቸው አልቀረም።

በ1559 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ አንሪ 2ኛ በፈረስ ላይ የጦር ግጥሚያ ሲጫወቱ የጦሩ ስባሪ በዓይናቸው ገባ። ቬሳሊዩስ ከብራስልስ ተጠርቶ ደረሰ፤ ታዋቂው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬም በዚያ ነበር። ንጉሡ ግን ጁላይ 10 ቀን ሞቱ። ራስ ቅላቸው ሲመረመር አልተሰበረም፤ አንጐላቸው ግን ከተመታው ወገን በተቃራኒው በኩል ተጎድቶ ተገኘ። የራስ ቅል ሳይሰበርም አንጐል እንደሚጎዳ ከዚያ ሞት ሐኪሞች ተማሩ።

ቬሳሊዩስ ከዚያ በኋላ ከፊሊጶስ 2ኛ ጋር ወደ ስጳንያ ሄደ፤ ነገር ግን የማድሪድ ኑሮ አልተስማማውም። በ1564 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሊሳለም ተነሣ። በሕይወት ያለ ሰው ገላ ከፍቶ ስለ ተፈረደበት ነው የሚል ወሬ ተነግሮ ነበር፤ ታሪክ ጸሐፊዎች ግን ይህን አይቀበሉትም። ቅድስት አገርን ተሳልሞ ሲመለስ መርከቡ በባሕር ላይ ተንገላታ፤ እርሱም በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር ዛንቴ በምትባል የግሪክ ደሴት ሞተ። ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። በዚያች ደሴት ተቀበረ፤ መቃብሩ ግን ዛሬ አይገኝም።

ታላቁን መጽሐፍ ያሳተመባቸው የተቀረጹ እንጨቶች ብዙዎቹ ለአራት መቶ ዓመት ያህል ተጠብቀው ቆዩና በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በሙኒክ ከተማ ተቃጠሉ። በ1543 ዓ.ም. መጽሐፉን ሊያሳትም ባዝል በሄደ ጊዜ ግን በሞት የተቀጣ የአንድ ሰው አጽም በእጁ ገጣጥሞ ለዩኒቨርሲቲው ሰጥቶ ነበር። ያ አጽም ዛሬም በባዝል የአናቶሚ ሙዚየም ይታያል።